አመዱ ወለል እስኪነካ

አመፁ በተሰበረበት ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ የጋሪ መንገዶች መድረቅ በጀመሩበት ወር፣ የእንደራሴው የችሎት አዳራሽ መስኮቶች በሙሉ ተዘግተው እንዲውሉ ትእዛዝ ወጣ። የተፈራው ብርድ አልነበረም፤ ነፋስ ነበር።

እንደራሴው ከባሕር ማዶ ከዙፋኑ ዘንድ ተሹመው ከመጡ ጀምሮ በዚያ አዳራሽ ከሕግ መጻሕፍት ሁሉ በላይ የሚሠራ አንድ ልማድ ነበረ። አቤት ባይ ሲቀርብ እንደራሴው ሲጋር ይለኩሳሉ፤ አጋፋሪው በበትሩ ወለሉን መትቶ፣ «አመዱ ወለል እስኪነካ ተናገር» ይላል፤ አመዱ ሲወድቅ የሰውዬው ቃል አለቀ፤ ያልጨረሰውን ነገር በአፉ እንዳንጠለጠለ ይወጣል። እንደራሴው ስላስነጠሳቸው የአባቱን ቤት ያጣ ሰው ነበር። ጉንፋን በያዛቸው ሰሞን ባለጉዳዮች በደጅ ተሰብስበው ለጤናቸው ከልብ ይጸልዩ ነበር፤ ሕዝብ ለጠላቱ ጤና እንዲያ የተጨነቀበት ዘመን ሌላ መኖሩ ያጠራጥራል።

በዚያ ወር ነገሩ ብሶ ነበር። አመፁ የወደቡን መንገድ ዘግቶ ስለ ከረመ የእንደራሴው ጥሩ ሲጋር አልቆ፣ ከወታደር ስንቅ የተገኘ፣ ከብጥስጣሽ ቅጠል የታጨቀ ደረቅ ሲጋር ያጨሱ ጀመር። የዚህ አመድ ገና ሳይነጣ ይረግፋል፤ ሰው «ክቡር ሆይ» ብሎ ሳይጨርስ ይባረራል። አጋፋሪው ራሱ ወለል መምታት ሰልችቶት ክንዱን ያሽ ነበር።

ሴቲቱ ወደዚህ አዳራሽ የመጣችው ወንድሟ በሚሰቀልበት ቀን ዋዜማ፣ ረፋዱ ላይ ነው።

ወንድሟ ትምባሆ ጠቅላይ ነበረ። ከአባቱ በወረሳት ጠባብ ክፍል፣ አቧራ የለበሰ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ እርጥብ ቅጠል በሰሌዳ ላይ ዘርግቶ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እያንከባለለ ሲጋር ሲያበጅ የኖረ ሰው ነው፤ እርሷም ከጎኑ ሆና ቅጠል ትመርጥለት ነበር። በሠፈሩ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ጠቅላዩ» ይለዋል። ይህች ቃል በዚያ ሠፈር አፍ ስትነገር ከቅጠልና ከጣት በቀር ሌላ ትርጉም አልነበራትም።

የተያዘው ግን በዚህችው ቃል ምክንያት ነው። አንድ የተማረከ አመፀኛ በጅራፍ ሥር ሆኖ መሪው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ «እኔ ምን አውቄ፤ ሁሉን የሚያውቀው ጠቅላዩ ነው» አለ። በሠፈሩ ወሬ የሚጠቀለለው ከትምባሆው ጋር ነበርና እንዲያ ማለት የሁሉም ልማድ ነበር። ሰውዬው ይህን ብሎ፣ ዳግመኛ ሳይጠየቅ ሞተ። ምርመራውን የያዘው ሻለቃ የሰማው ግን ሌላ ነው፤ የአመፁን ጠቅላይ አዛዥ። ጭፍራውን አስከትሎ ወደ ሠፈሩ ወረደና ውሃ የሚቀዱ ሴቶችን፣ «ጠቅላዩ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሴቶቹም ባልዲያቸውን ሳያስቀምጡ በአገጫቸው አሳዩት። ሻለቃው ይህን ያህል የቀለለ ክህደት በዕድሜው አይቶ አያውቅም ነበር። ክፍት በሆነው በር ገብቶ፣

«ጠቅላዩ አንተ ነህ?» አለ።

«አዎን። አባቴም ጠቅላይ ነበረ» አለ ሰውዬው፣ ከሰሌዳው ቀና ሳይል። «ስንት ላሰናዳልዎ?»

ይህ ጥያቄ በፍርዱ ላይ እንደ ዛቻ ተቆጠረበት። በዚያው ዕለት ወደ ባሕር ማዶ «ጠቅላዩ ተያዘ» የሚል ቴሌግራም ሄደ፤ ምላሹ ምስጋና ነበር፤ ለሻለቃውም ኒሻን መጣለት።

ሴቲቱ በደጅ ለአጋፋሪው የሰጠችው በቀሚሷ እጥፋት ይዛ የመጣችውን ትንሽ የዝግባ ሣጥን ነው። በውስጡ አንድ ሲጋር ነበረ። አባታቸው በሞተ ዓመት ወንድሟ ከሟቹ የመጨረሻ ቅጠል ጠቅልሎ፣ «ይህ ለአንድ የደስታ ቀን ይቀመጥ» ብሎ አኑሮት ነበር፤ የደስታው ቀን ሳይመጣ ሲጋሩ አረጀ።

«ይህ ምንድነው እመቤት፤ ጉቦ ነው?» አለ አጋፋሪው።

«ጭስ ነው። ጭስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጉቦ የሆነው?»

አጋፋሪው ሣጥኑን ከፍቶ አሸተተና ክዳኑን ቀስ አድርጎ መለሰው። «የማንም ወሬ ባያገባኝም» አለ፣ «አንድ ሰው ወሬውን ሲጨርስ ብሰማ ደስ ይለኛል።» ሣጥኑንም በብር ሳህን ላይ አድርጎ ይዞላት ገባ፤ እርሷም ተከተለችው።

እንደራሴው ሲጋሩን ገና ሲያዩት የያዙትን ደረቅ ትምባሆ ጣሉት።

«ማነው የጠቀለለው?»

«ወንድሜ ነው፣ ክቡር ሆይ።»

«ወንድምሽ ደግሞ ማነው?»

«ነገ የሚሰቅሉት።»

በአዳራሹ የተቀመጡት ባለሟሎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሻለቃው ከመቀመጫው ተነሣ፤ አዲሱ ኒሻን ደረቱ ላይ ተንቀጫቀጨ።

«ጌታዬ፣ መርዝ ይኖረዋል።»

«እንግዲያው አንተ ቅመሰው» አሉ እንደራሴው። ሻለቃው እጁን ሊዘረጋ ወይም ሊሰበስብ ሳይወስን ቆመ። «አይ፤ ተወው። መርዝ ቢኖረው እንኳ ለአንተ ማባከን ነው።»

ሲጋሩን ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው በጣቶቻቸው መካከል አንከባለሉት፤ የደረቀ ቅጠል የሚያሰማውን ስንጥቅጥቅ ድምፅ አላሰማም። ጫን አሉት፤ እሺ ብሎ ገባና ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። የላይኛው ቅጠል፣ ልባሱ፣ የአሮጌ ኮርቻ መልክ ነበረው፤ በዓመታት ከውስጥ የወጣው ቅባት በስሱ ያብለጨልጭበታል፤ የቅጠሉ ጅማት በዓይን እንጂ በጣት አይገኝም። በራሱ ላይ የተደፋችውን የቅጠል ቆብ በትንሽ ቢላ ቆረጡ፤ ሳይለኩሱ አንድ ጊዜ ሳቡት፤ ያቀመሳቸውን ነገር ለመያዝ አፋቸውን ዘግተው ቆዩ። ከዚያ የዝግባ ስንጥር አስለኩሰው፣ ነበልባሉ ሲጋሩን ሳይነካ ከሥሩ እያሞቁ፣ ቀስ ብለው እያዞሩ አያያዙት።

አጋፋሪው ወለሉን መታ። «አመዱ ወለል እስኪነካ ተናገሪ።»

ሴቲቱ ቃሏን ሌሊቱን ሁሉ ስታሳጥር አድራ ነበር የመጣችው፤ እንደ ደረቁ ሲጋር አመድ በምታልቅ መጠን።

«ወንድሜ ጠቅላይ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ትምባሆ ጠቅላይ። ጦር አያውቅም። አንድ ቃል ነው ያስያዘው፤ ሻለቃው ጠቅላዩ የት አለ ብሎ ጠየቀ፤ ሴቶቹ ትምባሆ የሚጠቀልለውን አሳዩት። ምስክሬ በእጅዎ ያለው ነው።»

ይህን ብላ ወደ ሲጋሩ አየች። አመዱ ገና ቀለበት መሥራት መጀመሩ ነበር። የመጣችበትን ሁሉ ተናግራ ስትጨርስ ጊዜው ከፊቷ ተዘርግቶ ቀረ፤ ምን እንደምታደርግበት አላወቀችም።

እንደራሴው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ቁንዶ በርበሬ፤ አፍንጫ ላይ ብቻ» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «ከሱ ኋላ እንጨት። ደረቅ እንጨት፤ የታጨደ ሣር። ስንት ዘመን ተኛ?»

«አባታችን ካረፈ ጀምሮ።»

«ቁጣው ወጥቶለታል።»

«አዲስ ቅጠል ይቆጣል፣ ክቡር ሆይ። ወንድሜ፣ ትምባሆ ቂም አይዝም፤ ሲያረጅ ይቅር ይላል፣ ይል ነበር።»

«ሰው ትምባሆ አይደለም» አሉ እንደራሴው።

ጭሱ በተዘጋው አዳራሽ እንደ ጣሪያ ተንጣለለ። የአደባባዩ የጋሪ ድምፅ በመስኮቱ ፍሬም በኩል ደክሞ ይገባል። አመዱ ረዘመ፤ ነጭ ከግራጫ ጋር የተደራረበ፣ የአሮጌ ሰው ጣት የመሰለ፤ አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም። ባለሟሎቹ የሴቲቱን ነገር ትተው አመዱን ያዩ ጀመር፤ አንዱ ትንፋሹን እንደ ያዘ ረስቶት ኖሮ በድንገት ሳል አነቀው፤ የጎኑም ሰው በክርኑ መታው።

«አሁን ደግሞ ተለወጠ» አሉ እንደራሴው። «የተቆላ ለውዝ ነው። ማር አለ፤ ጣፋጩ ሳይሆን ሰፈፉ። ከዝናብ በኋላ የሚሸት አፈር።» ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ሻለቃው ዞሩ። «አንተ፤ ይህን የጠቀለለ እጅ ሰይፍ ጨብጦ ያውቃል ትላለህ?»

«የአመፀኛ እጅ ብዙ ሙያ አለው፣ ጌታዬ።»

«ዋሸህ። ይህ እጅ ያለው ሙያ አንድ ነው፤ ሁለት ቢኖረው ኖሮ ይህ አመድ እስካሁን በጫማዬ ላይ ነበር። ቅጠሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ተጋድሟል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ታጥፏል፤ የትም ቦታ ጭሱ አይታነቅም። ይህን ለመማር ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ምንም መማር የለበትም። አንተ አዛዥ አይደለም የያዝከው፤ ሲጋር ሠሪ ነው የያዝከው፤ ቂል።»

ሻለቃው ኒሻኑን በመዳፉ ሸፈነ። ዳነ፣ አለች ሴቲቱ በልቧ።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?» አሉ እንደራሴው።

«ይፍቱልኝ እንጂ።»

«አየሽ፣ አመፃችሁ ራስ አልነበረውም። ወራት ሙሉ ፈለግሁት፤ የለም። በየመንደሩ የተናደደ ሰው ተነሣ፤ በቃ፤ ይኸው ነው። ራስ የሌለውን እባብ ምኑን ብለው ይመቱታል? ወታደሬ አለቀ፤ መንገዴ ተዘጋ፤ ከባሕር ማዶ በየሳምንቱ ‹ምን እየሠራህ ነው› ይሉኛል። ያን ጊዜ ይህ ቂል ሻለቃ ራስ አመጣልኝ። ለዙፋኑ ራሱን ቆርጫለሁ ብዬ አሳወቅሁ።» ቢላዋን አነሡና የቆረጡትን የሲጋር ቆብ በጫፏ ገፋ አደረጉት። «አሁን ተመልሼ የቆረጥሁት የሲጋር ራስ ኖሯል ልበላቸው?»

ባለሟሎቹ ሳቁ። ሻለቃው ከሁሉ በላይ ሳቀ።

«ዋሹ እንዳይባሉ ይሰቅሉታል» አለች ሴቲቱ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ። «እያወቁት።»

«ሳላውቅ የሰቀልኋቸው ብዙ ናቸው፤ ይህን ግን ዐውቄዋለሁ፤ ቀምሼዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ክብር ትፈልጊለታለሽ?» አሉና እንደራሴው ሲጋሩን በረጅሙ ሳቡ፤ ጭሱንም ወደ እርሷ ለቀቁት። ከዚያ እጃቸውን ከወንበሩ ክንድ ወዲያ አሳልፈው፣ በሌባ ጣታቸው ሲጋሩን መታ አደረጉት።

በዚያ ችሎት እንደራሴው አመዳቸውን ራሳቸው ሲያራግፉ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

አመዱ ወደቀ። ወለሉን ግን አልነካም። ሴቲቱ መቼ እንደ ተራመደች ማንም አላየም፤ በወንበሩ ሥር ተንበርክካ መዳፏን ዘርግታ ነበር፤ አመዱም ሳይሰበር፣ የፍም ቁራጭ በጫፉ እንደ ያዘ በመዳፏ ላይ ተጋደመ። አጋፋሪው ያነሣው በትር በአየር ላይ ቀረ፤ ይምታ ወይስ አይምታ በማለት ወደ ጌታው አየ።

«ወለል አልነካም፣ ክቡር ሆይ» አለች።

ፍሙ ያረፈበት ቦታ ይሸት ጀመር። መዳፏን አላንቀሳቀሰችም።

«እንግዲህ አመድ አፋሽ ሆነሻል» አለ ሻለቃው።

«ድሮስ ምን ነበርሁ?»

እንደራሴው ለረጅም ጊዜ መዳፏን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ሄዶ ቦታውን ጥላቻ ይዞት ነበር፤ ሰው የራሱ ሕግ በሌላ ሰው እጅ ተይዞ ሲያይ የሚያድርበት ጥላቻ። «ሕጉ የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አልወደቀም ካልሽ አልወደቀም። ተናገሪ።»

«ነገ ዐዋጁ ሲነበብ አንዲት ቃል ይጨመርልኝ። ‹ጠቅላይ› ከሚለው ፊት ‹ትምባሆ› ተብሎ ይነበብ።»

በአዳራሹ የነበረ ሁሉ ያቺ ቃል በአደባባይ ከተነበበች ምን እንደሚሆን ገብቶታል፤ ትምባሆ ጠቅላይ በአመፅ አዛዥነት አይሰቀልም፤ ሕዝቡ ይስቃል፤ በባሕር ማዶ ያሉትም ይሰማሉ።

«ያቺ ቃል ከተጨመረች ገመዱ አንገት ይለውጣል» አሉ እንደራሴው። «መጀመሪያ የዚህን ሻለቃ፣ ቀጥሎ የእኔን። አትጨመርም።»

«እንግዲያው እጁ አይታሰርበት።»

«ለምን?»

«ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እስከ መጨረሻው ይፈታለት።»

እንደራሴው ሳቡ። ከሲጋሩ የቀረው ጥቂት ነበር፤ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ የሚመጣውን የከሰልና የመራራ ሥር ጣዕም እያጣጣሙ፣ እሳቱ ጣታቸውን እስኪያሞቅ ያዙት። «ይህችን ያህል ይሁንልሽ» አሉ። ከዚያም ቃሉ ከአፋቸው መውጣት እንዳልፈለገ ሁሉ ቀስ ብለው፣ «ከዚህ ሲጋር ሌላ ቀርቷል?» ብለው ጠየቁ።

«የጠቀለለው እጅ አለ» አለች። «እስከ ነገ።»

መዳፏን ጨብጣ ወጣች። አጋፋሪው ወለሉን አልመታም፤ ምክንያት አልነበረውምና።

በማግሥቱ በገበያው አደባባይ ዐዋጁ «ጠቅላዩ» ብሎ ብቻ ተነበበ። እጁ አልታሰረም ነበር። ሴቲቱ ከሕዝቡ ፊት ቆማ፣ ወንድሟ ከእንጨቱ መድረክ ላይ ሲፈልጋትና ሲያገኛት አየች።

«እቴ» አላት፤ ከአፉ እንቅስቃሴ ነው የለየችው።

ከዚያ ቀኝ እጁን እስከ ደረቱ አነሣ፤ አውራ ጣቱ በሌባ ጣቱ ላይ ቀስ ብሎ ይንከባለል ጀመር፤ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ፊት። በፈራ ጊዜ ሁልጊዜ እንዲያ ያደርግ እንደ ነበር የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። በጣቶቹ መካከል ምንም አልነበረም። መድረኩ ከሥሩ እስኪከፈት ድረስ አላቋረጠም።

ከሕዝቡ ኋላ ግን ሌሎች ሰዎች ቆመው ነበር፤ ከተሸነፈው አመፅ የተረፉ፣ ፊታቸውን በሻሽ የሸፈኑ። እነርሱ መሪ እንዳልነበራቸው ያውቃሉ፤ ያም ሆኖ አንድ ሰው በስማቸው ሲሰቀል፣ እጁ ተፈትቶ ሲተው፣ ያንንም እጅ አንሥቶ ምልክት ሲሰጥ አዩ። ወሩ ሳያልቅ በተራራው ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ላይ እያንከባለለ ሰላምታ ይሰጥ ጀመር። ራስ ያልነበረው አመፅ ራስ አገኘ፤ የሞተ ራስ ደግሞ ዳግመኛ አይቆረጥም። እንደራሴው ከዚያ አገር የወጡት በሌሊት፣ በተዘጋ ሠረገላ ነው፤ ሻለቃው ኒሻኑን ከነደረቱ እዚያው ትቶ ቀረ።

ታሪክ ይህን ሁሉ በሚገባ መዝግቧል። የጠቅላዩ የጦር ስልት በትምህርት ቤት ይነገራል፤ ጥናት የጻፉበት ሊቃውንት የተሰቀለበትን ቀን እርሱ ራሱ እንደ መረጠው እስከ መግለጽ ደርሰዋል። እንደራሴው ጨካኝ ግን ብልህ ተቃዋሚ ተብለው ተጽፈዋል። ስለ አመዱ የጻፈ የለም።

ነጻነት ከመጣ በኋላ በዚያው አደባባይ ሐውልት ሲቆም፣ የመንግሥት ሹማምንት ወደ ሴቲቱ ቤት መጥተው ከሥሩ ምን ይቀረጽ ዘንድ እንደምትወድ ጠየቋት። አርጅታ ነበር፤ ቀኝ መዳፏ መሐል እንደ ሳንቲም የከበበ ጠባሳ አለ። ወንድሟ ምን ሠሪ እንደ ነበር ነገረቻቸው። ሹማምንቱ በአክብሮት አዳመጡና፣ መሪው ያን ሥራ መደበቂያ አድርጎት እንደ ነበር አስረዷት። ሌላ አልተከራከረችም።

«ጠቅላዩ ብላችሁ ቅረጹ» አለች። «አንዲት ቃል እንዳትጨምሩበት።»

ትሕትናዋን አደነቁ።

በምረቃው ዕለት የመጋረጃው ገመድ ተስቦ የናሱ ሰው እጁን እስከ ደረቱ አንሥቶ ሲታይ፣ በአደባባዩ የነበረ ሁሉ እጁን አነሣ። ከጎኗ የቆመ አንድ እግሩ የተቆረጠ አርበኛ እያለቀሰ አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ላይ በኃይል ያሽ ነበር። እጁን ያዘችው።

«ቀስ በል፣ ወንድሜ» አለችው። «ቅጠሉ ይቀደዳል።»

አርበኛው ይህን ለጓዶቹ ነገረ፤ ጓዶቹ ለጸሓፊዎች ነገሩ። ዛሬ ከትግሉ ዘመን ታላላቅ አባባሎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ትርጓሜውም ስለ ሕዝብ አንድነት እንደ ሆነ ተጽፏል።